ከሳንካበር ጨነቅ በአንድ ቀን ሩጫ፦ የአንድ ጥያቄና የአሥራ ስምንት መልስ ነገር

ይህን በሰሜን ተራሮች ፓርክ ስለ መሮጥ የተጻፈ የኢንተርኔት ክር (ተከታታይ ውይይት) የከፈተው የጎንደር ልጅ ነው፤ ጥያቄውም አጭር ነበር። አዘዞ አስፋልት ላይ ግማሽ ማራቶን የሚሮጥ ሰው ቅዳሜ ንጋት በመኪና ተነሥቶ፣ ደባርቅ ላይ የፓርኩን መግቢያ ፈቃድ ጨርሶ፣ ከሳንካበር ማደሪያ ሰፈር በግጭ ሰፈርና በእሜት ጎጎ አፋፍ አድርጎ ጨነቅ ሰፈር ድረስ ቢሮጥ፣ እሑድ ራስ ደጀን ወጥቶ ሰኞ ሥራው ላይ መገኘት ይችላል ወይ? ሒሳቡንም ራሱ ሠርቶታል፦ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ግድም፣ ለኪሎ ሜትሩ ስምንት ደቂቃ፣ በድምሩ አራት ሰዓት። የራስ ደጀንን ከፍታ 4,620 ሜትር ብሎ ጻፈ። ጎንደር ራሷ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ከፍታ ለእኛ ብርቅ አይደለም የሚል መዝጊያም አከለበት። ከዚያ በኋላ ይህቺን መዝጊያ ያልነካካት ሰው ጥቂት ነው።

1ኛው መልስ በጨዋ ደንብ ጀመረ። የጠያቂውን ወኔ አመስግኖ ሒሳቡን እንደገና ሠራለት። ሳንካበር 3,250 ሜትር ላይ ነው፤ መንገዱ መጀመሪያ ወደ ጅንባር ወንዝ ይወርዳል፣ ወደ ግጭ 3,600 ይወጣል፣ እሜት ጎጎ ላይ 3,926 ይደርሳል፣ ደግሞ ይወርድና እናትዬ ላይ 4,070 ይነካል፣ በመጨረሻ ጨነቅ 3,620 ላይ ያርፋል። ዳገት ዳገቱ ብቻ ሲደመር ከ1,000 ሜትር ያልፋል። ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው የተራራ ስሌት አለ፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ሌላ አንድ ሰዓት። በዚያ ቢሄዱ ወደ ስምንት ሰዓት ይጠጋል። ሯጭ ያሳጥረዋል፣ በግማሽ ለመቁረጥ ግን ከፍታውን የለመደ ሳንባና ቁልቁለት የለመደ ጭን ያስፈልጋል ብሎ ደመደመ።

2ኛው አራሚ ነው፤ በየክሩ አንድ አይጠፋም። 4,620 የድሮ ካርታዎች ቁጥር ነው፣ ዛሬ በብዛት የሚጻፈው 4,550 ነው፣ 4,533 የሚሉ መጻሕፍትም አሉ አለ። ራስ ዳሸን የሚለው አጠራር ደጀን ከሚለው ተጣሞ የመጣ ነው ብሎም አከለ። በዚህ ጭራ ላይ ሦስት ሰዎች ተንጠልጥለው ስለ ስሙ ብዙ ተከራከሩ፤ ሩጫን የሚመለከት ነገር ስላልነበረበት አልፌዋለሁ።

3ኛው ከጠያቂው ጎን ቆመ። ጎንደሬ ደጋ ተወልዶ ደጋ አድጎ ስለ ከፍታ ሕመም ማውራቱ የፈረንጅ ወሬ መልመድ ነው አለ፣ ትንሽ በሹፈት። እሱን የመለሰችለት 4ኛዋ የጤና ባለሙያ ናት፤ የክሩ ምርጥ መልስም የሷ ይመስለኛል። ቁጥር አስቀመጠች፦ የአየሩ ግፊት ጎንደር ላይ ከባሕር ጠለሉ 78 በመቶ ያህል ነው፣ ግጭ ላይ ወደ 65፣ ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ወደ 57። ጎንደር መኖር ከምንም ይሻላል፤ ሰውነት የሚላመደው ግን የሚያድርበትን ከፍታ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ በየሌሊቱ የሚታደርበት ቦታ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ሌሊት ይኑር የሚለውን ደንብ ጠቀሰች። ጠያቂው እንዳለው ከሆነ ዓርብ 2,100 ላይ ያደረ ሰው ቅዳሜ 3,620 ላይ ያድራል፤ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር በአንድ ዝላይ፣ ያውም በሩጫ። በመጀመሪያው ቀን ከባድ ድካም ሕመሙን ያፋጥነዋል።

ምልክቶቹን ለይታ ጻፈች። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከምግብ መጥላት ወይም ከእንቅልፍ ማጣት ጋር ከመጣ እዚያው ማረፍ እንጂ መውጣት የለም፤ በማግስቱ ካልተሻለው መውረድ ነው። ቁጭ ብሎ እንኳ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ሰውየው ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት እያስነካ በቀጥታ መስመር አሥር እርምጃ መሄድ ካቃተው፣ ነገሩ ወደ ሳንባ ወይም ወደ አንጎል ሄዷልና ሌሊትም ቢሆን በሰው ተደግፎ ይውረድ። አሴታዞላማይድ የሚባለው ኪኒን መላመዱን ያግዛል፣ አብዛኛውን ጊዜ 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ይታዘዛል፤ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ግን ሐኪም ሳይጠይቅ አይንካው። በመጨረሻም ደባርቅ ላይ ብርዱን በአረቄ ለማባረር የሚሞክሩትን ነካ አደረገቻቸው፦ አረቄ የቆዳን ደም ሥር ከፍቶ የሞቀ ያስመስላል እንጂ ሙቀቱን ወደ ውጭ ነው የሚያስወጣው፣ እንቅልፍንም ያበላሻል። 3ኛው ሰውዬ ከዚህ በኋላ በክሩ አልታየም።

5ኛ የጻፉት ደባርቅ ያሉ አንጋፋ አስጎብኚ ናቸው፤ ሁሉም አንቱ እያለ ነው የመለሰላቸው። እርሳቸው የያዙት የሰዓቱን ነገር ነው። ከጎንደር ደባርቅ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ ጧት 2 ሰዓት ተኩል ይከፈታል። መግቢያውን ከፍሎ፣ አስጎብኚና ስካውት (ጠመንጃ የያዘ የፓርክ አጃቢ) ይዞ፣ ከዚያ ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ነድቶ ሳንካበር የሚደርስ ሰው ሲጀምር 5 ሰዓት ይሆንበታል። ስምንት ሰዓት ጨምርበት፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ፀሐይ ግን 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። እናትዬ አፋፍ ላይ በጨለማ መሮጥ ምን እንደሆነ ማብራራት አላስፈለጋቸውም። ፈቃዱ ከዋዜማው ይለቅ፣ እግር ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሣ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ጉምና ነፋስ ስለሚመጣ ከፍተኛው ነጥብ ከዚያ በፊት ይታለፍ የሚል ምክር ሰጡ።

ከዚህ ላይ ነው ክሩ የተካረረው። 6ኛው፣ ስካውት ማለት የሚጎትት ድንጋይ ነው፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ከሯጭ ጋር አይሄድም፣ ስለዚህ በቡዪት ራስ በኩል ሹልክ ብሎ መግባት ይቻላል ብሎ ጻፈ። 7ኛው ምንም አላቆላመጠውም። ደንቡ ያለ ስካውት መግባትን አይፈቅድም፤ ምክንያቱም ገንዘብ መሰብሰብ ብቻ አይደለም። ገደሉ 1,500 ሜትር ድረስ ቁልቁል የሚዘረጋበት ቦታ አለ፤ ጉም ሲወርድ አፋፉ የሚታየው ሦስት እርምጃ ሲቀር ነው። ቁርጭምጭሚቱ የተጠመዘዘን ሰው የት መንደር በቅሎ እንዳለ የሚያውቅ፣ የትኛው ዱካ የከብት የትኛው የሰው እንደሆነ የሚለይ ያው ስካውቱ ነው። ከመንደር ከብት ጠባቂና ከውሻው ጋር የሚነጋገረውም እሱ ነው። 6ኛው ተመልሶ መጥቶ ክፉ ቃል ጻፈ፣ ቃሉ ተሰረዘ፣ ነገሩ ቀዘቀዘ። እኔም ከ7ኛው ጋር ነኝ፤ ቢሆንም 6ኛው ያነሣው ችግር እውነተኛ ነው፤ በቀስታ የሚሄድ ሰውና የሚሮጥ ሰው አንድ ላይ አይሆኑም።

መፍትሔውን ያመጡት 8ኛ ሆነው የተመለሱት ያው አንጋፋ አስጎብኚ ናቸው። አስቀድሞ ደውሎ ለሩጫ መሆኑን መናገር፣ ጎልማሳና ፈጣን ስካውት መጠየቅ። የዚያ አገር ሰው ጎማ ጫማ አድርጎ ዳገት ላይ የከተማ ሯጭን ጥሎ ይሄዳል፤ የሚቀረው ሜዳው ላይና ቁልቁለቱ ላይ ነው። ስለዚህ ሯጩ ዳገቱን ከስካውቱ ጋር ይራመድ፣ ሜዳና ቁልቁለት ላይ ዓይን እስከሚደርስበት ብቻ ይቅደም፣ እዚያ ቆሞ ይጠብቅ። ጉም ካለ መቅደም የለም። ስካውቱ ውሃና ምግብ እንዲሁም የሌሊት ልብስ ይያዝለት፤ ከጨነቅ ወደ ደባርቅ የሚመለስበት ቀንም ይከፈለው። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው ይህ የመመለሻ ቀን ሳይነገር ስለሚቀር ነው አሉ።

9ኛው በቁልቁለት ላይ ረጅም ጻፈ፤ ሯጮች ሊያነቡት የሚገባው ይኼ ነው። አስፋልት ላይ የሚሠለጥን ሰው ሳንባው ሳይሆን ጭኑ ነው የሚከዳው። ሲወርዱ የፊት ጭን ጡንቻ እየተሳበ ነው ክብደት የሚይዘው፤ ያልለመደ ጡንቻ በዚህ ውስጡ ይሰነጣጠቃል፣ ሕመሙም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይበረታል። ስለዚህ ቅዳሜ የሮጠ ሰው እሑድ ከጨነቅ ተነሥቶ የቧሂትን ትከሻ ተሻግሮ እስከ መሸሃ ወንዝ ሲወርድ ደረጃ መውረድ እንዳቃታቸው ሽማግሌ ይሆናል። መድኃኒቱ አስቀድሞ ማስለመድ ነው። ከጎንደር ፒያሳ ወደ ጎሃ ኮረብታ ወጥቶ መውረድ፣ ጊዜ ሲገኝ ኮሶዬ ላይ ያለውን አፋፍ መጠቀም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሲጀመር በድምሩ 200 ወይም 300 ሜትር ቁልቁለት፣ በየሳምንቱ ትንሽ እየጨመሩ። አንዴ የለመደ ጡንቻ ለጥቂት ሳምንታት አይረሳም፤ የመጨረሻው ከባድ ቁልቁለት ከጉዞው አሥር ቀን በፊት ይሁን።

አወራረዱንም አስረዳ። ሰው ሲፈራ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ያኔ ክብደቱ ተረከዙ ላይ ይወድቅና ተረከዙ ይንሸራተታል። ደረት በትንሹ ወደ ፊት፣ እርምጃ አጭርና ፈጣን፣ እግር ከሰውነት ሥር እንጂ ከፊት አይረፍ፣ ክንድ ሰፋ ይበል፣ ዓይን ሦስት አራት ሜትር ፊት ለፊት ይመልከት። ግጭ ሜዳ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱን ውርጭ አፈሩን ቆንጥጦ ወደ ላይ ያነሣዋል። ጧት ሲረገጥ እንደ ስኳር ይንኮሻኮሻል፣ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ጠንካራ ነው፤ ፀሐይ ሲነካው ከላይ ሁለት ጣት ያህል ጭቃ፣ ከሥር ገና ጠንካራ አፈር ይሆንና እግርን ይዞ ይሄዳል። ጓሳ የተባለው ሣር ጉብታ ደግሞ ሲያዩት ትራስ ይመስላል፤ ጫፉን የረገጠ ቁርጭምጭሚቱን ያጣል። በጉብታዎቹ መካከል መርገጥ ነው።

10ኛው ስለ ጫማ ጻፈ። የሶሉ ጥርስ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ የጠለቀው ለክረምት ጭቃ ነው፣ ድንጋይ ላይ ያወላክፋል። በረጅሙ ጣትና በጫማው ጫፍ መካከል አንድ አውራ ጣት ይግባ፣ መለካቱም እግር ባበጠበት ከሰዓት በኋላ ነው። የቁልቁለት ትልቁ ጣጣ ጣት ጫማውን እየመታ ጥፍር መጥቆሩ ነው፤ ይህን የሚከለክለው ማሰሪያው ነው። ብዙ ሰው የማይጠቀምባት ከላይ የቀረች ቀዳዳ አለች። ማሰሪያውን በየጎኑ በዚያች ቀዳዳ ከውጭ ወደ ውስጥ አስገብቶ ትንሽ ቀለበት መተው፣ ከዚያ የግራውን ጫፍ በቀኙ ቀለበት የቀኙን በግራው ማሳለፍ፣ ተረከዝን መሬት ላይ መታ አድርጎ ወደ ኋላ ማስጠጋት፣ ማሰሪያውን ወደ ታች ስቦ ማሰር። ተረከዝ ይቆለፋል፣ የእግር ጣት ነፃ ይሆናል። ጥፍር ከሦስት ቀን በፊት ቀጥ ብሎ ይቆረጥ። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ እግር ስለሚልጥ ጎንደር ይቅር።

11ኛው ወደ ምግብ አዞረው፤ እዚህ ላይ ሁሉም ሊቅ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ጄል መግዛት ሞኝነት ነው፣ በሶ እያለ አለ። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይበቃል፤ 80 ግራም በሶ ወደ 55 ግራም ይሰጣል። በሶን ጠርሙስ ውስጥ በጥብጦ መጠጣት አይበጅም፣ ከሥር ይረጋል፣ አፍ ላይ ይጓጉላል። ጭብጦ ነው የሚሻለው፦ በሶውን በትንሽ ውሃ፣ በማርና በቁንጥጫ ጨው ለውሶ እንቁላል እያሳከሉ መጨበጥ፣ በየ30 ደቂቃው አንድ። 12ኛዋ ተቃወመች። በሶ አሰሩ ብዙ ስለሆነ ያልለመደ ሆድ ላይ በሩጫ መካከል ይነፋል፤ በሥልጠና ያልተሞከረ ምግብ ተራራ ላይ አይሞከርም፣ ከሦስተኛው ሰዓት በኋላ ማርና ዳቦ ይቀላል አለች። ሁለቱ ስለ ጭኮም ተነጋገሩ፤ ቅቤው ለብርድ ሌሊት ጥሩ ነው፣ ለሩጫ ግን ከሆድ ቶሎ አይወርድም በሚለው ተስማሙ።

ጭኮ ሲነሣ 13ኛው ስለ ጾም ጠየቀ። ዐቢይ ጾም የሚውለው በደረቁ ወራት ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ 3,900 ሜትር ላይ መሮጥ እንዴት ይሆናል? የመለሱለት ባጭሩ ነው፦ ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት መከልከል እንጂ እስከ 9 ሰዓት መዋል ስለሌለ ጉዞው በእነዚያ ቀናት ይሁን፤ ጭብጦም ጾም አያስፈታም። የቀረው የንስሐ አባት ጉዳይ ነው ተባለ።

14ኛው ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ አስጠነቀቀ። ሣር ስትግጥ ያረፈደች መንጋ መካከል ሰንጥቆ መሮጥ ነውርም አደጋም ነው፤ ሲታዩ መራመድ፣ በሰፊው መዞር፣ ምግብ አለማሳየት። ቀይ ቀበሮ የታየ እንደሆነ ባለበት ቆሞ ማሳለፍ ነው። የራስን ውሻ ይዞ መግባት ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን የሚጨርሰው በውሻ በኩል ነው። የመንደር ውሻ ሲመጣ መሮጥ ማቆም፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሡ መምሰል፤ ይህን ለጎንደር ሰው ማስተማር አያስፈልግም ብሎ ሣቀ።

ከዚያ 15ኛው ክሩን ወደ ሌላ ወሰደው። የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከሄዱ ወዲህ ሜዳው ላይ ጓሳው ማገገሙን፣ ፓርኩ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከነበረበት የዩኔስኮ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ በ2017 እ.ኤ.አ. መውጣቱን፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ እሳት አስታ የተባለውን ዛፍና ጓሳውን መብላቱን አነሣ። ከዚህ ለሯጭ የሚጠቅመው ሁለት ነገር ነው፦ እሳት አለማንደድ፣ ለማብሰያም ጋዝ መያዝ፤ የተጠማዘዘውን መንገድ በቀጥታ ቆርጦ አለመውረድ። አንድ ሯጭ የቆረጠበትን ክረምቱ ቦይ ያደርገዋል። 7ኛው ደግሞ የሰዎቹ መነሣት እንዲህ በቀላሉ የሚወራ አይደለም ብሎ በቁጣ መለሰ፤ ትክክል ነው፣ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል።

16ኛው ውሃ ብቻ። ሁለት ሊትር ይዞ መነሣት፣ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል እንደ ጥማት መጠጣት፣ ከዚያ በላይ ያለ ጨው ማጋበስ ግን የደምን ጨው ያቀጥናል። ጅንባርም ሆነ የግጭ ጅረት ከብት የሚረግጠው ስለሆነ በውሃ አጋር ማከም ወይም ማፍላት። 3,600 ሜትር ላይ ውሃ በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ሩዝና ምስርም በዚሁ ምክንያት እዚያ ላይ እንቢ ይላሉ፤ ሽሮ ይዞ መሄድ ነው።

17ኛው መልስ የጠያቂው የራሱ ነው፤ ቀዝቅዞ ተመለሰ። ሐሙስ ከሥራ መልስ ደባርቅ ገብቶ 2,850 ላይ ማደር፣ ዓርብን ፈቃድ ወስዶ ጧት ክፍያውን ጨርሶ ሳንካበር ማደር፣ ቅዳሜ እየተራመዱ ግጭ ማደር፣ እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከግጭ በእሜት ጎጎና በእናትዬ ጨነቅ ድረስ መሮጥ፣ እዚያ መኪና ይጠብቀው። ራስ ደጀን ለሌላ ጊዜ ቆየ። የጤና ባለሙያዋ የሌሊቶቹን ከፍታ ቆጥራ 400 እና 350 ሜትር ጭማሪ መሆኑን አይታ ደህና ነው አለችው። አንጋፋው በ18ኛው ላይ ለመኪናው ጉዳይ መለሱለት፦ ጨነቅ ላይ ስልክ አይታመንም፣ ሰዓቱ ከሾፌሩ ጋር ደባርቅ ላይ ይቆረጥ፣ ግማሹ ሲደርስ ይከፈል፣ ቢቀድምም ዋልያ እያየ ይጠብቅ። ጠያቂው ጭብጦው ላይ ማሩ ይብዛ ወይስ ጨው ብሎ ጠየቀ። 12ኛዋ ሁለቱም፣ ግን መጀመሪያ ጎሃ ላይ ሞክረው አለችው።